ማጠንከር ማለት ማድረቅ አይደለም



ሰሞኑን የአንዲት በሪሞት የምትነዳ መኪና ፎቶ ለጥፌ ነበር። ሌላው አካሏ ጥቁር ሆኖ የፊት እግሮቿ ነጭ የሆኑት። ጥያቄው በዛ። "ቲቸር፣ ጡረታ ወጥተው በመጫወቻ መጫወት ጀመሩ እንዴ?" ያላችሁኝ አላችሁ። "ነጩ ነገር ምንድን ነው? ከየት ተገዛ?" ያላችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር "የኛም ልጅ መኪና ተሰብሮ ተቀምጧል፣ በምን ይጣበቃል?" ብላችኋል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የተሰበረ ፕላስቲክ ስንጠግን አብዛኞቻችን የምንፈልገው "ድንጋይ እንዲሆን" ነው። ድንጋይ የሆነ ነገር ግን ደግሞ ይሰበራል፤ ያውም አጠገቡ ያለውን ይዞ። ማጠንከር ማለት ማድረቅ አይደለም። ዋናው ነገር ይሄው ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ገንዘብ ያድናል። ለአንዳንድ ልጅ ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ያድናል፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መኪናዋ የኔ አይደለችም፣ እዚሁ ነቀምቴ የጎረቤቴ ልጅ ንብረት ናት። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አጎቱ ከሚኒሶታ ሲመጣ ይዞለት መጣ። ባትሪዋ ሲያልቅ የምትጣለው የሱቅ ዓይነት አይደለችም። በዓለም ላይ ይህን ነገር እንደ ስፖርት የያዙ ሰዎች አሉ። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ድርጅት የመጀመሪያዋን በሪሞት የምትነዳ መኪና ገበያ ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ አድጎ ብዙ ሰው የሚወዳደርበት ሆኗል። የነዚህ መኪኖች ልዩነታቸው እንደ እውነተኛ መኪና መፈታታቸው ነው። ሾክ አላቸው፣ ኩሽኔታ አላቸው፣ ዲፈረንሻል አላቸው። እያንዳንዱ እቃ በካቻቢቴ ተፈትቶ ይወጣል፣ ለየብቻውም ይሸጣል።

ይሸጣል ስል ግን እዚያ ማዶ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን። መርካቶ ቢጠየቅም መኪናዋን በሙሉ እንጂ እግሯን ብቻ ለይቶ የሚሸጥ አልተገኘም። በኦንላይን ለማዘዝ ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። የቀረው መንገደኛ መጠበቅ ነው። መንገደኛው አዲስ አበባ ቢደርስም፣ ወለጋ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ መንገዱ ሰላም የሚሆንበትን ቀን መጠበቅ ደግሞ አለ።

ልጁ ሦስት ቀን ነዳት። በአራተኛው ቀን ከኮብልስቶኑ ጠርዝ ጋር ተላተመችና መካኒኮች ብራቾ የሚሉት፣ ጎማውን ከቻሲው ጋር የሚያያይዘው የፊት ክንድ ተሰበረ። ሱፐር ግሉ ገዝቶ አጣበቀው። አንድ ከሰዓት ሠራች። ከዚያ እንደገና ተሰበረ፣ አሁን ግን የተጣበቀው ቦታ ላይ ሳይሆን ከሱ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ። መኪናዋ ተወለወለችና ወደ ካርቶኗ ተመለሰች፤ ካርቶኑም ቡፌው ላይ ወጣ። አያቱ፣ እኛ ጋ አኮ ነው የሚባሉት፣ "በቃ እንግዳ ሲመጣ ያየዋል" አሉ።

ለምን ከጎኑ ተሰበረ? እስቲ ጀበናና ጀሪካን አስቡ። ጀበና ደረቅ ነው። በጥፍራችሁ ብትጭሩት አይጫርም፣ እሳት ላይ ብትጥዱት አይቀልጥም። ከእጅ ካመለጠ ግን ያለቀለት ነው። ጀሪካን በጥፍር ይጫራል፣ እሳት ካየ ይቀልጣል፤ ከአህያ ጀርባ ላይ ቢወድቅ ግን ነጥሮ ይነሳል። "ከሁለቱ የቱ ይጠነክራል?" ብዬ ክፍል ውስጥ ስጠይቅ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈል ነበር። ሁለቱም ወገን ትክክል ነው፣ ምክንያቱም "ጥንካሬ" የምንለው አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ደረቅነት ነው፣ ሌላው ቻይነት። ደረቅ ነገር ኃይል ሲያርፍበት እምቢ ይላል፣ እምቢ ማለት ሲያቅተው ይሰበራል። ቻይ ነገር ግን ትንሽ ይታጠፋል፣ ምቱን በመላ አካሉ ያከፋፍለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጀበና ነው። ብራቾው ናይለን ነው፣ ሥራው መታጠፍ ነው። መሀሉ ላይ የማይታጠፍ ቋጠሮ ስናስቀምጥበት መታጠፉ ሁሉ ቋጠሮው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተሰበሰበ። እዚያው ተሰበረ። ማጣበቂያው አልከዳውም፤ ሥራውን ከሚገባው በላይ ሠራ።

እንግዲህ ከመጠገን በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ "በምን ላጣብቀው?" መሆን የለበትም። "ይሄ ፕላስቲክ ምንድን ነው? ሥራውስ መታጠፍ ነው ወይስ መቆም?" ነው።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ከተሰበረው ቁራጭ ትንሽ ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ የጀሪካንና የባልዲ ዘር ነው፣ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን። ከሰጠመ ሌላ ነው፦ ኤቢኤስ፣ ናይለን፣ ፖሊካርቦኔት ወይም የጥርስ ማርሽ የሚሠራበት አሴታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እቃው ጀርባ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ፒኤ ካለ ናይለን ነው። ከጎኑ ጂኤፍ 30 ካለ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚሆነው የመስታወት ክር ነው ማለት ነው። ፒሲ ካለ ፖሊካርቦኔት ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ለምሳሌ የሚንሳፈፈውን ዘር ሱፐር ግሉ አይዘውም። የገዛችሁትን ሁሉ ብታፈሱበት እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ገበያ አካባቢ ጀሪካን የሚጠግን አንድ ሰው ጋ ልጁን ይዤው ሄጄ ነበር። ቢላውን ከሰል ላይ ያግላል፣ ከአሮጌ ጀሪካን ቁራጭ ይቆርጣል፣ ሁለቱንም አቅልጦ ያዋህዳቸዋል። ልጁ "ለምን በማጣበቂያ አትሠራውም?" ሲለው "ጀሪካንን የሚይዘው ጀሪካን ነው፣ ባዕድ አይቀበልም" አለው። እኔ ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

ኤቢኤስ ደግሞ የቴሌቪዥን ሪሞትና የኮምፒውተር ኪቦርድ የሚሠራበት ነው፤ የመኪናዋ የባትሪ ሳጥንም ከሱ ነው። እሱን አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ያሟሟዋል። ከተበላሸ ኪቦርድ ትንሽ ፈቅፍቃችሁ አሴቶን ውስጥ ብታሳድሩት እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ያ ራሱ ማጣበቂያ ነው። ሲደርቅ አሴቶኑ ይበርርና ኤቢኤሱ ከኤቢኤስ ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው መቆም ብቻ ሥራው የሆነ ሳጥን ላይ ሱፐር ግሉና ቤኪንግ ሶዳም ይሠራል። ዱቄቱ ማጣበቂያውን ወዲያው ያደርቀዋል፣ የጎደለ ጥግ ይሞላል። ሳጥን አይታጠፍማ! አሴቶኑን ግን ፖሊካርቦኔት አጠገብ እንዳታደርሱት፤ ሳይነካካ ይሰነጣጥቀዋል።

አሁን ወደ ናይለን። ናይለን በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ በሚመራው ቡድን የተሠራ ነው። አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው፦ ውሃ ይጠጣል። ረጅሞቹ የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ መሀል ውሃ ይገባና እርስ በርስ የተጣበቁትን ያላላቸዋል። ደረቅ ናይለን ይሰበራል፣ ውሃ የጠጣ ናይለን ይታጠፋል። ከፋብሪካ ሲወጣ ደረቅ ነው። ስለዚህ የዚህ ስፖርት ሰዎች አዲስ ብራቾ ሲገዙ መጀመሪያ ይቀቅሉታል! እውነቴን ነው፣ እንደ ድንች።

እኛም የግራውን፣ ያልተሰበረውን ቀቀልነው። አኮ "ደግሞ ምን ሊበሉ ነው?" እያሉ ሲያዩን ነበር። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,080 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። (ይቺን ፈተና ላይ አምጥቼባችኋለሁ፣ የረሳ የለም መቼም።) ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቀልነው፣ ከዚያ እዚያው ውሃ ውስጥ አሳደርነው። ድስቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መተኛት አለበት፤ በሙቀት ልል ስለሚሆን ጎብጦ ከቀዘቀዘ ጎባጣ ሆኖ ይቀራል። ለምግብ የምትጠቀሙበትን ድስት አትያዙ። ይህ የሚሠራው ለናይለን ብቻ ነው። ኤቢኤስም ሆነ ፖሊካርቦኔት ብትቀቅሉ ትርፉ የማገዶ ወጪ ነው።

ጠዋት ልጁ በጣቱ ሲያጥፈው ልዩነቱን አወቀው። "ለምለም ሆነ" አለ። ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ለምለም ቅርንጫፍና ደረቅ ቅርንጫፍ ነው ነገሩ።

ቀጥሎ ስንጥቅ። የመኪናዋ ቆርቆሮ የሚመስለው የላይኛው አካል ስስ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ጎማው በላይ ካለው ጥግ ተነስቶ ወደ መስኮቱ የሚሄድ ስንጥቅ ነበረው። ስንጥቅ ገና ያላለቀ ጉዞ ነው። ጫፉ እንደ ምላጭ ስለት ስለሆነ ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከማጣበቅ በፊት የስንጥቁ ጫፍ ላይ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓን መብሳት ነው። "የተሰነጠቀ ነገር ደግሞ ይበሳል እንዴ?" ትሉ ይሆናል። አዎ! ስለቱ ክብ ሲሆን ኃይሉ ይበተናል። ስንጥቁ መሄጃ ያጣል።

ይህ የመጫወቻ ወሬ አይደለም። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን በ1952 እ.ኤ.አ. በጄት ሞተር መንገደኛ ማመላለስ የጀመረ የመጀመሪያው ነበር። በ1954 ሁለቱ በወራት ልዩነት አየር ላይ ተበታተኑ። መርማሪዎቹ አንዱን አውሮፕላን በሙሉ ውሃ ገንዳ ውስጥ ከትተው፣ ልክ እንደሚነሳና እንደሚያርፍ ግፊቱን ሺህ ጊዜ እየሞሉ እየቀነሱ ፈተኑት። ስንጥቁ የተነሳው ከመስኮት ጥግ ነበር። ዛሬ የምትሳፈሩበት አውሮፕላን መስኮት ጥጉ ሁሉ ክብ የሆነው በከንቱ አይደለም። እናም ተማሪዎቼ፣ ማንኛውንም እቃ ስትቆርጡ የውስጥ ጥጉን በሞረድ አክቡት። ሹል ጥግ የነገ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቁን ካቆምን በኋላ ማጠንከሩ ይመጣል። እዚህ ላይ አያቶቻችን ከሁላችንም ይቀድማሉ። ቤት ሲመረግ ጭቃው ውስጥ ጭድ የሚገባው ለምንድን ነው? ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ብቻውን ደግሞ አይቆምም። ሁለቱ ሲቦኩ ግን ስንጥቁ አንዱን ጭድ ሳይበጥስ ማለፍ አይችልም። ከናይለን ጋር የሚቀላቀለው የመስታወት ክር ጭድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. መቀበል የጀመረው ድሪምላይነር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ክርና ማጣበቂያ ነው፤ እሱም በሌላ ስም ጭድና ጭቃ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው መሐንዲስ ሳይኖር ነው።

ውጭ አገር ለዚህ ሥራ የግድግዳ መገጣጠሚያ መረብና የጫማ ማጣበቂያ ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ያለው ምንድን ነው? ያረጀና የተቀደደ አጎበር፣ እና ጫማ ሰፊ ጋ ያለው ማስቲሽ። ከአጎበሩ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠን፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀለሙ በማይታይበት፣ ማስቲሹን በስሱ እየቀባን ሁለት ድርብ ለጠፍን። መጀመሪያ የማትታይ ጠርዝ ላይ ሞክሩት፣ አንዳንዱ ማስቲሽ ፖሊካርቦኔትን ይበላል። ማስቲሽ ሲደርቅ እንደ ጎማ ነው፣ አይደርቅም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ከሱፐር ግሉ የመረጥነው። ከቤት ውጭ ሥሩት፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ቆርቆሮውንም ልጆች እጅ ውስጥ አትተዉ። ሽታው በየከተማው ጎዳና ላይ ስንቱን ልጅ እንዳጠፋ ታውቃላችሁ።

ሾኩ የሚንጠለጠልበት አጭር ምሰሶ ደግሞ ነቅቶ ነበር። እሱ መታጠፍ የለበትም። ለሱ ከአሮጌ ብስክሌት የወጣ ራጂ ቆርጠን እንደ ወጌሻ ጎንና ጎኑን አስደገፍነው። በላዩ ላይ የጫማ ሰፊ ናይለን ክር ጥብቅ አድርገን ጠመጠምን፣ ከዚያ ሱፐር ግሉ አጠጣነው። ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን በምራን የሚያስረው እንደዚያ አይደል? አደራ የጥጥ ክር እንዳትጠቀሙ፤ ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል።

እንግዲህ ሁሉም ተጠናከረ፣ የተሰበረው ብራቾ ብቻ ቀረ። ልጁ ዩቲዩብ አይቶ "ጋሼ፣ ከአሉሚኒየም ብናሠራውስ? ብረት ቤት ይቆርጡልናል" አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱን ከሱ አፍ ለማውጣት መንገድ ዳር ወደቆመ አይሱዙ ወሰድኩትና ባሌስትራውን አሳየሁት። ወደ ጊምቢ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ኩንታል ጭኖ የሚወጣው መኪና ከሥሩ ያለው ብረት ተደራርቦ የሚታጠፍ ቅጠል ነው። "ይሄን ሁሉ ቅጠል በአንድ ላይ በይደን ድርቅ ብናደርገውስ?" አልኩት። ሾፌሩ ነው ቀድሞ የመለሰው፦ "ቻሲው ይሰነጠቃላ!"

ይኸው ነው። ብራቾው አሉሚኒየም ከሆነ አይሰበርም። ምቱን ግን አይውጠውም፣ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ያለው ቻሲው ይሰበራል፣ ቻሲው ደግሞ ከብራቾው ይልቅ በዋጋም በሥራም ከባድ ነው። ይህን ዓይነት እቃ በመሥራት የታወቀው አርፒኤም የሚባል የአሜሪካ ድርጅትም ብራቾውን የሚሠራው ከብረት ሳይሆን ከሚታጠፍ ናይለን ነው። ቤታችሁ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በሽቦ የሚያስር ሰው አውቃለሁ፤ ፊውዙ ከዚያ ወዲያ አልተቃጠለም፣ የተቃጠለው ቴሌቪዥኑ ነው። በማንኛውም ማሽን ውስጥ አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። የኛ ሥራ የቱ እንደሚሸነፍ መምረጥ ነው፤ ርካሹን፣ ቅርቡን፣ በአምስት ደቂቃ የሚቀየረውን።

ታዲያ ነጩ እግር ከየት መጣ? ከሽንኩርት መክተፊያ! ገበያ የሚሸጠው ነጭ ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የጀሪካን ዘር ነው፣ ማለትም ቻይ ነው። ከናይለን ይልቅ ልል ስለሆነ ግን ውፍረት ያስፈልገዋል። ውፍረት ደግሞ ቸር ነው፦ የአንድን ነገር ውፍረት እጥፍ ብታደርጉት ላለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ይሆናል። የተሰበረውን ብራቾ ወረቀት ላይ ገጣጥመን ዙሪያውን ሣልን፣ ወደ መክተፊያው ገለበጥነው፣ በሰጌቶ ቆረጥን፣ ጥጉን ሁሉ በሞረድ አከበብን፣ ቀዳዳውን ትንሽ ጠበብ አድርገን በሳን። የሚገናኝበትን ብረት ዘንግ ደግሞ ከቀጭን ሚስማር ሠራን። እሱ ነው ፊውዛችን። ከባድ ግጭት ከመጣ ሚስማሩ ይጎብጥ፣ ሱቅ ሞልቷል። ሁለቱም እግር እኩል እንዲታጠፍ ብለን ለግራም አንድ ሠራን፤ የተቀቀለው ናይለን መጠባበቂያ ሆኖ ተቀመጠ። አኮ ማታ ወጥ ሊሠሩ ሲሉ "የሽንኩርት መክተፊያዬን መኪና በላው!" ብለው ሰፈሩን አስቁት። ተክተናል፣ ገላቶማ ብለናል።

መክተፊያው ፍጹም አይደለም። ቀጥ ባለ ፍጥነት ላይ ጎማዋ በትንሹ ይወላገዳል፤ ውድድር ብትገባ የመጨረሻ ትሆናለች። ያው ኮብልስቶን ጠርዝ ጋር ግን ደግማ ደጋግማ ተጋጭታለች። እግሯ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ሚስማር ቀይረናል።

አሁን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ ያልኩት። መኪናዋ ቡፌ ላይ በነበረችበት ጊዜ የተሰበረው ብራቾ ብቻ አልነበረም። ልጁ ካርቶኑን ከፍቶ ያያትና መልሶ ይዘጋት ነበር። ብትጠገን እንኳ ነድቷት ደግማ ብትሰበርስ? አጎቱ ምን ይላል? ስለዚህ አለመንዳት ይሻላል። ይህን ፍርሃት በደንብ አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ሠላሳ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ከነላስቲኩ ያለ ቮልት ሜትር፣ ከነካርቶኑ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ተቆልፎ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሳጥን ያላየ የወለጋ የሳይንስ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። "ልጆች ከነኩት ይሰብሩታል፣ ከተሰበረ ሌላ አይመጣም።" እውነት ነው፣ ሌላ አይመጣም። ግን ልጆቹስ? መሣሪያው ሳይሰበር አርጅቶ ተማሪዎቹ ሳይነኩት ተመረቁ። ከናንተ ውስጥ ማይክሮስኮፕን በሥዕል ብቻ አውቆ ዩኒቨርሲቲ የገባ ስንት ነው?

መጠገን የማይችል ሰው መንካት ይፈራል። ፍርሃቱን በምክር አታስወጡትም። የሚወጣው ልጁ "ቢሰበር እሠራዋለሁ" ማለት ሲችል ነው። ያ ልጅ አሁን መኪናዋን የሚነዳት እንደ በፊቱ ተጠንቅቆ አይደለም፣ ትርፍ ብራቾ ኪሱ ውስጥ አለች። የሰፈር ልጆችም ሪሞቱን ይቀባበሉታል፤ በፊት ማንም አይነካትም ነበር። ባለፈው ደግሞ የአንዱን ጓደኛውን ቦርሳ መቆለፊያ ውሃ ላይ አንሳፍፎ "ይሄ በሱፐር ግሉ አይሆንም" ሲለው ሰማሁት።

ስለዚህ መምህር የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ወር አንድ ካርቶን ክፈቱ። አንዱን ብቻ፣ በጣም የማይሳሳለትን። ልጆቹ ይንኩት። ከተሰበረ ደግሞ ትምህርቱ ያኔ ይጀመራል፤ ውሃ ላይ አንሳፍፉት፣ ምን እንደሆነ ይወቁ፣ ሥራው መታጠፍ ይሁን መቆም ይወስኑ፣ ይጠግኑት። ጋራዥና ባጃጅ ጥገና ላይ ያላችሁም ልጅ ሲመጣባችሁ "ዞር በል" አትበሉት፣ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ስጡት።

ውጭ አገር ያላችሁ አጎቶችና አክስቶች፣ ስትመጡ መጫወቻውን አምጡ፣ ደስ ይላል። ከመጫወቻው ጋር ግን ትንሽዬ የካቻቢቴ ስብስብ አብራችሁ ያዙ። ለልጁም "እንዳትሰብረው" አትበሉት። "ሲሰበር ፎቶ ላክልኝ" በሉት።

በእናንተ ቤት ቡፌ ላይ ተሰብሮ የተቀመጠው ምንድን ነው? ፎቶውን ኮመንት ላይ አስቀምጡት፤ ከጀርባው የተጻፈ ካለም ጻፉልኝ። እኔ የማውቀውን እላለሁ፣ ሌላውን ደግሞ ከኔ የምትበልጡ መካኒኮች ትሞሉበታላችሁ።

ሰላም ለሁላችን። ቸር ያሰማን።